ለጫካ ፔይንትቦል የትኛው ቬስት? የወገብ ዝናር፣ የደረት ትጥቅ፣ ባለዚፕ ወይስ ሞሊ

በፔይንትቦል ቀለም የሞላባቸውን ትንንሽ ኳሶች እንተኳኮሳለን፤ ትርፍ ኳሱንና ዕቃውን የምንሸከመው በቬስት ነው። የመጀመሪያ ቬስቴን የገዛሁት ፎቶውን ብቻ አይቼ ነው። ብዙ ኪስ ነበረው። እኔም ሁሉንም ሞላሁት፦ ስድስት ፖድ (ትርፍ ኳስ የሚያዝበት የፕላስቲክ ቱቦ)፣ የአየር ሲሊንደር፣ ውኃ፣ ሬዲዮ፣ የጭንብል መጥረጊያ፣ ትርፍ ባትሪ። ቦታው ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ጫካ ነው፤ ወሩ ጁላይ። ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ትከሻዬ መቃጠል ጀመረ። ከወደቀ ግንድ ኋላ በደረቴ ልተኛ ስል ደግሞ ፊት ለፊት የተደረደሩት ፖዶች ከመሬት አነሱኝ። ጭንቅላቴ ከግንዱ በላይ ቀረ። የተመታሁትም እዚያው ነው።

ቬስቱ መጥፎ አልነበረም። ለሌላ ዓይነት አጨዋወት የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱን ገዝቼ፣ አንዳንዱን ከጓደኛ ተውሼ፣ ዋና ዋናዎቹን ዓይነቶች ሁሉ ለብሼ ተጫውቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ተጠራርተን የምንወጣ ሐበሾች አለን። አዲስ የሚቀላቀል ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «የቱን ልግዛ?» እኔም መጀመሪያ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ምን ተሸክመህ፣ እንዴት ልትንቀሳቀስ ነው?

እዚህ የብራንድ ስም አልጠራም። አንዱ ዓይነት በብዙ ብራንድ ይሠራል። ዓይነቱን በትክክል የመረጠ ሰው በብራንዱ ብዙም አይጎዳም። ዓይነቱን የሳተ ሰው ግን ውዱን ቢገዛም ያማርራል።

የጫካ ጨዋታና የሲናርዮ ጨዋታ

ሁለቱ ዛፍ መሐል ስለሚካሄዱ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም።

ተራው የጫካ ጨዋታ አጭር ነው። አንድ ዙር ከአሥራ አምስት እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይቆያል። ተመታችሁ ማለት ወጣችሁ ማለት ነው። በዙሮቹ መሐል ወደ ማረፊያው ትመለሳላችሁ፤ ኳስ ትሞላላችሁ፤ ውኃ ትጠጣላችሁ። ስለዚህ ተሸክማችሁ የምትገቡት ለዚያች ግማሽ ሰዓት የሚበቃ ብቻ ነው።

ሲናርዮ ሌላ ነገር ነው። ታሪክ አለው፣ ተልእኮ አለው፣ አዛዥ አለው። ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይሄዳል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጂም ቶርፕ በምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው ሜዳ በየዓመቱ በሰመር የኖርማንዲን ውጊያ መነሻ ያደረገ ጨዋታ ያዘጋጃል፤ በሺዎች የሚቆጠር ተጫዋች ይመጣል። እንዲህ ባለው ጨዋታ የተመታ ሰው ወደ መመለሻ ጣቢያው ሄዶ እንደገና ይገባል። ከመኪናችሁ ግን ርቃችኋል። ውኃ፣ ካርታ፣ ሬዲዮ፣ የሚቀመስ ነገር ሁሉ ሰውነታችሁ ላይ መሆን አለበት። እኔ ሁልጊዜ አንድ ኪስ ለቆሎ እተዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ጉልበት ሲከዳ ዋጋው ይገባችኋል።

መመዘኛዎቹ

*የኳስ ብዛት።* ሁሉም ነገር ከዚህ ይነሣል። የተለመደው ኳስ ባለ 0.68 ኢንች ነው፤ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ክብደቱ ሦስት ግራም ገደማ ይሆናል። አንድ መደበኛ ፖድ 140 ኳስ ይይዛል። ከነፕላስቲኩ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ስድስት ፖድ ስትይዙ ሦስት ኪሎ ያህል ተሸከማችሁ። በቁጥር 840 ኳስ ነው። መተኮሻው ላይ ባለው የኳስ ማጠራቀሚያ፣ በሆፐራችሁ ውስጥ፣ ደግሞ 200 አለ። አንድ ካርቶን 2,000 ኳስ ስለሚይዝ፣ በአንድ ዙር ከግማሽ ካርቶን በላይ ይዛችሁ ገባችሁ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ተኩሶ የሚጨርስ ሰው አለ፤ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ቬስት ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ቅዳሜ ተጫወቱ። ከእያንዳንዱ ዙር ስትወጡ ባዶ የሆኑትን ፖዶች ቁጠሩ። ከሁሉ የበዛው ቁጥር ላይ አንድ ጨምሩ። የእናንተ ልክ ያ ነው። ከእኛ መሐል የብዙዎቹ ልክ ሦስት ወይም አራት ሆኖ ነው የተገኘው።

*በደረት መተኛት።* በጫካ ውስጥ ሕይወት የሚያቆየው መሬት ነው። የምትሳቡ፣ የምትተኙ፣ ከግንድ ሥር የምትደበቁ ከሆነ ደረታችሁና ሆዳችሁ ባዶ መሆን አለበት። ቆማችሁና ተንበርክካችሁ ከዛፍ ኋላ የምትተኩሱ ከሆነ ግን ደረት ላይ ያለ ፖድ አያስቸግርም። ይህን ሳያስቡ መግዛት የእኔን ስሕተት መድገም ነው።

*ሲሊንደሩ የት ነው?* አብዛኛው ማርከር (ኳሱን የሚተኩሰው መሣሪያ) ሲሊንደሩን ከኋላው ነው የሚይዘው። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ የጀርባ ሲሊንደር ኪስ አያስፈልጋችሁም፤ ሻጩ ስለሱ ቢያወራም እለፉት። ሲሊንደሩን ጀርባ ላይ አድርጎ በተጠቀለለ ቱቦ ወደ ማርከር የሚያገናኝ ሰው ደግሞ አለ። ማርከሩ በጣም ይቀልለታል። ቱቦው ግን ቅርንጫፍ ይይዛል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የታመቀ አየር በየትኛውም አቅጣጫ ቢቀመጥ ግድ የለውም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ግን ፈሳሹ ወደ ማርከር እንዳይገባ የሲሊንደሩ አፍ ወደ ላይ መሆን አለበት። ኪሱ ይህን የሚፈቅድ መሆኑን እዩ።

*የእጅ መድረስ።* ቀኝ እጃችሁ ማርከሩን ከያዘ ፖድ የምትስበው ግራ እጃችሁ ናት። ስለዚህ ፖዱ ግራ እጅ ሳያይ የሚያገኘው ቦታ ላይ መሆን አለበት። ጭንብል ለብሳችሁ ወደ ታች ማየት ከባድ ነው። ግራኝ ከሆናችሁ ይህን ሁሉ ገልብጡት። ኪሶቹ ተሰፍተው የቀሩበት ቬስት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለቀኝ እጅ ሰው የታሰበ ነው።

*ሙቀት።* በቨርጂንያና በሜሪላንድ ሰመር ወበቁ ከባድ ነው። ጀርባን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ወፍራም ጨርቅ ለብሶ መሮጥ ሰው ሊጥል ይችላል። እኛ መሐል አንድ ልጅ ራሱን ስቶ አይተናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቬስት ሳይ መጀመሪያ የማየው ጀርባው ወንፊት መሆን አለመሆኑን ነው።

*ስፋት።* በአብዛኛው ሜዳ ደንብ መሠረት ኳስ ትጥቃችሁ ላይ ቢፈነዳም ተመትታችኋል። ፖዱም፣ ኪሱም፣ ማርከሩም ይቆጠራል። እያንዳንዱ የጎን ኪስ ከዛፍ ኋላ ወጥቶ የሚታይ ተጨማሪ ዒላማ ነው። በሌላ በኩል ለስላሳ ጨርቅ ኳሱን ሳይፈነዳ ሊያነጥረው ይችላል። አንዳንዶች ለዚህ ብለው ወፍራም ቬስት ይለብሳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጨዋታው በመተማመን የቆመ ነው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ምንም አለመግዛት።* ጎኑ ላይ ትልቅ ኪስ ያለው ሱሪ ሁለት ፖድ ይይዛል። ሲሮጡ ጭን ይመታል፤ ደስ አይልም። ግን ለመጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ከሜዳው ማርከር ተከራይታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ገንዘባችሁን ለጥሩ ጭንብል አስቀምጡት። ጭንብል ዓይን ያድናል።

*የወገብ ዝናር።* አያቶቻችን ዝናር የሚታጠቁት ወገባቸው ላይ ነበር፤ ክብደት ዳሌ ላይ ሲያርፍ ሰው ብዙ ይጓዛል። የፔይንትቦሉ ዝናር ሰፊ ላስቲክና ቬልክሮ ያለው ቀበቶ ነው። ፖዶቹ ከወገብ ጀርባ ቆመው ይደረደራሉ። ብዙውን ጊዜ አራት ፖድ ይይዛል፤ ሁለት ብቻ የሚይዝም፣ ስድስትና ከዚያ በላይ የሚይዝም አለ። ደረት ነፃ ነው፣ ትከሻ ነፃ ነው፣ ጀርባ ይተነፍሳል። ተኝቶ ለመሳብ ከዚህ የሚሻል የለም።

ችግሩ ሌላ ነገር የሚይዝበት ቦታ የለውም። ሬዲዮም ውኃም አታስገቡበትም። በደንብ ካልጠበቀ ደግሞ ስትሮጡ ይንሸራተታል። ፖድ ስባችሁ ካወጣችሁ በኋላ ባዶውን ወደ ቦታው ሳታዩ መመለስ ከባድ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው መሬት ላይ ይጥለዋል። ቅጠል ውስጥ የወደቀ ፖድ ደግሞ አይገኝም። ደማቅ ቀለም ያለው ፖድ ግዙ።

*የደረት ትጥቅ።* ከፊት ብቻ ኪስ ያለው፣ ጀርባ ላይ በመስቀልያ ማንገቻ የሚታሰር ነው። ቀላል ነው። ከኋላ ምንም ጨርቅ ስለሌለው ሙቀቱ ይቻላል። በሆፐር ፋንታ እንደ ጠመንጃ በካዝና የሚጫወቱ ሰዎች የሚወዱት ይሄን ነው። የእነሱ ካዝና ሃያ ገደማ ኳስ ብቻ ስለሚይዝ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለባቸው፤ ደረት ላይ ያለ ካዝና ደግሞ በአንድ እንቅስቃሴ ይወጣል። ግን ተጠንቀቁ፦ ለእውነተኛ ጠመንጃ ካዝና የተሰፋ ኪስ የፔይንትቦሉን ካዝና ላይቀበል ይችላል። ካዝናችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሞክሩት።

በፖድ ለሚጫወት ሰው ግን የደረት ትጥቅ ይወፍራል። ለመተኛት አይመችም። ኪሶቹ ከፍ ብለው ከተሰቀሉ ስትጎነበሱ የጭንብሉን አገጭ ይገፋሉ፤ ጭንብሉ ትንሽም ቢሆን መነሣት የለበትም።

*ባለዚፕ ቬስት።* ኪሶቹ ተሰፍተው የመጡ ናቸው። እንደ ሰደርያ ትለብሱታላችሁ፣ ዚፑን ትዘጋላችሁ፣ አለቀ። የፖድ ኪስ፣ የሬዲዮ ኪስ፣ ብዙ ጊዜም ጀርባ ላይ የሲሊንደር ወይም የውኃ ኪስ አለው። ሁሉንም በአንድ ዋጋ ስለምታገኙ ለሲናርዮ ጀማሪ ጥሩ ነው። ክብደቱንም በትከሻና በጎን ያካፍላል።

የማይወደድለት የማይለወጥ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ግራ ጎን ላይ ያደረገውን ኪስ ወደ ወገብ ማውረድ አትችሉም። ልኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ በጎን ማሰሪያ ይጠብቃል፣ ይላላል። ቀጭን ሰው ላይ ይንቀዋለላል። ሴት ጓደኞቻችን ከሁሉ በላይ የሚያማርሩት በዚህ ነው፤ የደረቱ አቆራረጥ አይመቻቸውም። ለእነሱ ዝናር ወይም ጎኑ ክፍት የሆነ ሞሊ ይሻላል።

*የሞሊ ቬስት።* የአሜሪካ ጦር በ1990ዎቹ መጨረሻ ያመጣው አሠራር ነው። ቬስቱ ላይ አንድ ኢንች ስፋት ያላቸው ጥብጣቦች በአግድም ይደረደራሉ፤ በየአንድ ኢንች ተኩል ተሰፍተዋል። የምትፈልጉትን ኪስ በመካከላቸው እያሳለፋችሁ ትሰቅላላችሁ። ዛሬ አራት የፖድ ኪስ፣ ነገ የካዝና ኪስ፣ ከነገ ወዲያ የውኃ ከረጢት። ግራኝም ቢሆን፣ አጭርም ቢሆን፣ እንደ ልኩ ያስተካክለዋል።

እኔ አሁን የምለብሰው ይሄን ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ጎኑን አብዝቼ እንዳላወራ እጠነቀቃለሁ። አንደኛ፣ ዋጋው ያሳስታል። ባዶው ቬስት ርካሽ ይመስላል፤ ኪሶቹ ሲጨመሩ እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ባዶ ቦታ ያየ ሰው መሙላት ይወዳል። ሦስተኛ፣ የጥይት መከላከያ አስመስለው የሠሩት ዓይነት ውስጡ ስፖንጅ ስላለው እንደ ብርድ ልብስ ያፍናል። ምንም አይከላከልም፤ ማስመሰያ ነው። ወንፊት የሆነውን ምረጡ። አራተኛ፣ ኪስ መስቀሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ሳይሆን ቤት ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። ጥብጣቡ አንዱን ዘልሎ ካለፈ ኪሱ ሲሮጡ ይወዛወዛል።

| ዓይነት | ምቹ የፖድ ብዛት | በደረት መተኛት | ሙቀት | ሌላ ዕቃ | ዋጋ በዶላር ገደማ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሱሪ ኪስ | 1–2 | ይቻላል | ቀላል | ትንሽ | 0 |
| የወገብ ዝናር | 2–4 | በጣም ጥሩ | ቀላል | የለም ማለት ይቻላል | 20–50 |
| የደረት ትጥቅ | 2–4 ወይም ካዝና | ያስቸግራል | መካከለኛ | መጠነኛ | 30–80 |
| ባለዚፕ ቬስት | 4–6 | ያስቸግራል | ከባድ | ብዙ | 35–80 |
| የሞሊ ቬስት ከነኪሶቹ | 2–8 | እንደ አሰቃቀሉ | እንደ ጨርቁ | ብዙ | 70–150 |

ዋጋው እኔ ስገዛና ስጠይቅ ያየሁት ነው። የገና ሰሞን ይወርዳል።

ለማን የቱ?

በወር አንድ ጊዜ ለተራ የጫካ ጨዋታ የምትወጡ ከሆነ ባለ አራት ፖድ ዝናር ግዙና ጨርሱ። ከሠላሳ ዶላር ብዙም አትርቁ። አብዛኛው ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

በፓምፕ ማርከር (ለእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ በሚሳበው) የምትጫወቱ፣ ወይም ተደብቃችሁ ጥቂት የምትተኩሱ ከሆነ ከዚያም ያነሰ ይበቃችኋል። አሥር ኳስ የሚይዙ ትንንሽ ቱቦዎች የሚሰኩበት ቀበቶ አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኒው ሃምፕሸር ጫካ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዎች የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ያሸነፈው ሰው አንዲት ኳስ እንኳ አልተኮሰም። ባንዲራዎቹን በዝምታ ሰብስቦ ወጣ። ይህን ለአዲስ ልጆች ሁልጊዜ እነግራለሁ።

በካዝና የምትጫወቱ ከሆነ የደረት ትጥቅ። ባዶ ካዝና የምትጥሉበት ሰፊ ከረጢት ወገባችሁ ላይ ጨምሩ። ካዝና ውድ ነው፤ ጫካ ውስጥ አይጣልም።

በዓመት አንድ ሁለት ትልቅ ሲናርዮ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ባለዚፑ ይበቃል። ያላችሁን ዝናር ይዛችሁ ትንሽ የውኃ ቦርሳ ጀርባችሁ ላይ ብትጨምሩም ያው ነው፤ እንዲያውም ይቀልላል። የውኃው ቱቦ ከጭንብሉ ሥር መግባት አለበት። ሜዳ ውስጥ ጭንብል ለመጠጣት ብሎ ማውለቅ ፈጽሞ የለም።

ሲናርዮ ዋና ነገራችሁ ከሆነ፣ አንዴ አዛዥ አንዴ ተኳሽ የምትሆኑ ከሆነ፣ ሞሊ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትግዙ። ቬስቱንና ሁለት የፖድ ኪስ ይዛችሁ ጀምሩ። የጎደለውን ጫካው ይነግራችኋል።

ለልጆች ቬስት አትግዙ። ትከሻቸው ገና ነው። ሁለት ፖድ የሚይዝ ቀበቶ ይበቃቸዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ባዶውን ለብሶ መስተዋት ማየት ምንም አይነግርም። ሙሉ ፖድ ጨምሩበት፤ ኳስ ከሌለ ሩዝ ሙሉበት። ከዚያ ተንበርከኩ፣ ተኙ፣ ተነሡ፣ ደረጃ ሩጡ። ማርከሩን ትከሻችሁ ላይ አስደግፉ፤ ዘለበቱ ወይም ወፍራሙ ማንገቻ እዚያው ቦታ ላይ ከሆነ ዒላማ ባነጣጠራችሁ ቁጥር ያስቸግራችኋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ፖድ አውጡ፣ መልሱ። ይህን ሁሉ በምትጫወቱበት ልብስ ላይ ሞክሩ። በሰመር ቲሸርት የተለካ ቬስት በኅዳር ጃኬት ላይ አይዘጋም።

ጨርቁን በተመለከተ፣ 600 ዴኒየር (የክር ውፍረት መለኪያ ነው) ፖሊስተር ለቅዳሜ ጨዋታ በቂ ነው። እሾህና ድንጋይ ላይ ብዙ የምትሳቡ ከሆነ 500 ወይም 1000 ዴኒየር ናይለን ይቆያል፤ 1000ው ግን ይከብዳል። ያገለገለ ስትገዙ ስፌቱን ትታችሁ ላስቲኩን ሳቡት። የላላ ላስቲክ ስትሮጡ ፖድ ይጥላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልናገር። ቬስቱን ለብሳችሁ አትንዱ። ነዳጅ ማደያ፣ ሱቅ፣ የአፓርትመንት ፓርኪንግ ውስጥ በትጥቅ አትታዩ። ማርከሩም ቬስቱም ሻንጣ ውስጥ ተዘግቶ ከመኪናው ኋላ ይቀመጥ፤ ሜዳው ስትደርሱ ልበሱት። እኛ ጥቁር ሰዎች ነን፤ በዚህ አገር በርቀት ያየን ሰው ጨዋታ መሆኑን አያውቅም። ወጣት ልጆች ያላችሁ ወላጆች ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

ከጨዋታ ስትመለሱ ቀለሙ ሳይደርቅ ቬስቱን በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁት። የኳሱ ቀለም በውኃ ይለቅቃል፤ ሙቅ ውኃና ማድረቂያ ማሽን ግን ላስቲኩን ይገድላል። ፖዶቹንም ክፈቱና አጥቡ። ውስጣቸው አንድ ኳስ ፈንድቶ ከቀረ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎቹን ሁሉ አጣብቆ ይጠብቃችኋል። ጥላ ላይ ሰቅላችሁ፣ ዚፑን ከፍታችሁ አድርቁት።